በቅርንጫፍና በዋናው መሥሪያ ቤት መካከል ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ፦ ባንድዊድዝ ከመግዛታችሁ በፊት

ባሕር ዳር ካለው ቅርንጫፋችን ስልክ ሲደወል የሚባለውን ቀድሜ አውቀው ነበር። "ኔትወርኩ አለ፣ ግን ይጎትታል።" አንድ ጊጋባይት የምትሆን የወር መጨረሻ ፋይል አዲስ አበባ እስክትደርስ 25 ደቂቃ ትፈጃለች። ባለጉዳይ ወረፋ ይዞ ቆሟል። ሠራተኛዋ ከመስኮቱ ጀርባ ሆና "ሲስተም የለም" እያለች ይቅርታ ትጠይቃለች።

መስመሩ ያኔ 20 ሜጋ ነበር። አለቆች ተሰብስበው 50 ሜጋ ይሁን አሉ። ሆነ። የወር ክፍያው አሻቀበ። ፋይሏ ግን ያው 25 ደቂቃ።

ጥፋቱ በመጨረሻ የተገኘው እዚያው በቅርንጫፉ ግቢ ውስጥ፣ በራውተሩና የፋይበሩን ብርሃን ወደ ኬብል ሲግናል በምትቀይር አንዲት ትንሽ ሚዲያ ኮንቨርተር መካከል ነው። ወደ እሷ እመለሳለሁ። ይህን የምጽፈው ሌላ መሥሪያ ቤት እንደኛ ገንዘቡን በከንቱ እንዳያፈስ ብዬ ነው። ባንድዊድዝ የመንገድ ስፋት ነው። መንገዱ ላይ ጉድጓድ ካለ፣ ኬላ ካለ፣ ወይም አይሱዙው በየምልልሱ አንድ ኩንታል ብቻ የሚጭን ከሆነ መንገዱን ማስፋት ዕቃውን ቶሎ አያደርስም። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በመለካት ነው። የምለካበትን ቅደም ተከተል እነሆ።

1. ቅሬታውን ቁጥር አድርጉት

"ይጎትታል" ብሎ ነገር አይለካም። የደወለውን ሰው በትዕግሥት ጠይቁት። ምን ሲሠራ ነው? ከየት ወደ የት? ሲልክ ነው ሲቀበል? እሱ ብቻ ነው ወይስ ቢሮው ሁሉ? ሁልጊዜ ነው ወይስ ጠዋት ጠዋት? የፋይሉን መጠንና የፈጀውን ደቂቃ ጻፉ።

ከእነዚህ ሁሉ የማልዘለው የአቅጣጫውን ጥያቄ ነው። መላክ ዘግይቶ መቀበል ደህና ከሆነ ግማሹን ምርመራ ጨርሳችኋል ማለት ይቻላል።

ሰዓቱን ስትመዘግቡ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። ሠራተኛው "3 ሰዓት ላይ" ሲል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው፤ የራውተሩ መዝገብ ላይ ግን ያ 09:00 ነው። ቀኑም እንደዚሁ፤ እሱ የኛን ቀን ይነግራችኋል፣ መሣሪያው የፈረንጁን ይመዘግባል። በዚህ ብቻ የተሳሳተ ሰዓት መዝገብ ሲያገላብጡ የዋሉ ሰዎች አይቻለሁ።

ሌላው ቢትና ባይት ነው። አገልግሎት ሰጪው 50 ሜጋ ሲል 50 ሜጋቢት በሰከንድ ማለቱ ነው። ኮምፒውተራችሁ ፋይል ሲገለብጥ የሚያሳየው በሜጋባይት ነው። ባይት 8 ቢት ስለሆነ 50 ሜጋቢት 6.25 ሜጋባይት ይሆናል። ፋይሉ ተቆራርጦ የሚላክበት ፓኬት መጠቅለያው ትንሽ ስለሚወስድ 5.9 አካባቢ ካያችሁ መስመሩ ሙሉ እየሠራ ነው። "50 ገዝተን 6 ነው የሚሰጡን" የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል።

የኛን ፋይል እናስላ። 1,000 ሜጋባይት ሲባዛ በ8፣ 8,000 ሜጋቢት። 25 ደቂቃ 1,500 ሰከንድ ነው። ሲካፈል 5.3 ሜጋቢት በሰከንድ። 50 ለተከፈለበት መስመር ይህ በጣም ትንሽ ነው። አሁን የምንይዘው ቁጥር አለን።

2. መንገዱን ወረቀት ላይ ሳሉት

ከተጠቃሚው ኮምፒውተር ተነሥታችሁ እስከ ሰርቨሩ ድረስ ያለውን መሣሪያ ሁሉ በቅደም ተከተል ሳሉ። ስዊች፣ ፋየርዎል፣ ራውተር፣ ሚዲያ ኮንቨርተር፣ የአገልግሎት ሰጪው መስመር፣ ከዚያ በሌላው ጫፍ ያለው ሁሉ። በየመሃሉ ያለው ኬብል በስንት ፍጥነት እንደሚሠራ ጻፉ። ከመቶ ሜጋ ያላለፈች አንዲት አሮጌ ስዊች ጊጋቢት መሣሪያዎች መሃል ተሸጉጣ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ሥዕሉ ላይ የጻፋችሁትን፣ ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በሚዘረዝረው ትሬስራውት አረጋግጡ። ፓኬቱ እናንተ ባሰባችሁት መንገድ ላይሄድ ይችላል። ሁለቱ ቢሮዎች የሚገናኙት አውሮፓ ባለ የክላውድ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) ሰርቨር በኩል ከሆነ፣ ከባሕር ዳር የተነሣው ፋይል አዲስ አበባ ለመግባት መጀመሪያ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያጋልጠው ቀጣዩ ልኬት ነው።

3. ፒንግ፣ ግን አራት ብቻ አይደለም

ፒንግ ትንሽ ፓኬት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ የሚቆጥር ትእዛዝ ነው። አራት ፒንግ ምንም አይነግራችሁም። አንድ ሺህ ላኩ። ዊንዶውስ ላይ ብዛቱ በሰረዝ ኤን ይሰጣል፣ ሊኑክስ ላይ በሰረዝ ሲ። ሁለት ነገር ተመልከቱ፦ የደርሶ መልስ ጊዜውንና የጠፋውን ፓኬት።

የደርሶ መልስ ጊዜው ስንት መሆን አለበት? ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 1,000 ኪሎ ሜትር ፋይበር ደርሶ መልስ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። አዲስ አበባና ባሕር ዳርን የሚያገናኘው ፋይበር 600 ኪሎ ሜትር ነው ብንል 6 ሚሊ ሰከንድ የማይቀር ነው፤ በመሃል ያሉት መሣሪያዎች ይጨምሩበታል። ከ10 እስከ 20 ቢሆን አይገርመኝም። 180 ቢሆን ግን ፓኬቱ አገር ዞሮ ነው የሚመጣው።

አንዴ መስመሩ ጭር ሲል፣ አንዴ ደግሞ ሲጨናነቅ ለኩ። ጭር ሲል 14፣ ሲጨናነቅ 400 ከሆነ አንድ ራውተር ላይ ረጅም ወረፋ ተፈጥሯል ማለት ነው።

ፒንግንና ትሬስራውትን አንድ ላይ የሚሠራውን ኤምቲአርን የመሰለ መሣሪያ ስትጠቀሙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በመሃል ያለ አንድ ራውተር 40 በመቶ አጠፋ ብሎ ካሳያችሁ፣ ቀጥሎ ያሉት ግን ዜሮ ካሉ፣ ያ ራውተር ፓኬት አልጣለም። ለፒንግ መልስ መስጠት ሥራው ስላልሆነ ቸል ብሎ ነው። ጥፋት የሚባለው ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጫፍ የሚቀጥለው ነው።

ከዚህ ጋር መስመሩ ራሱ ሞልቶ እንደሆነ ተመልከቱ። ራውተሩ ላይ ያለውን የአጠቃቀም ግራፍ ክፈቱ። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት 50ው ጢም ብሎ ከዋለ ጥያቄው "ማን እየበላው ነው?" ይሆናል። ባክአፕ በሥራ ሰዓት እየሮጠ ነው? የዊንዶውስ ዝመና በየኮምፒውተሩ ለየብቻ እየወረደ ነው? የደኅንነት ካሜራው ምስል ሌሊት ቀን ወደ ዋናው ቢሮ ይላካል? ባክአፑን ወደ ሌሊት አዙሩት፣ ለዋናው ሥራ ቅድሚያ ስጡ። በዚህ ሁሉ አልቃለል ካለ ባንድዊድዝ መጨመር ያስፈልጋል፤ ያኔ ክፍያው ተገቢ ነው። የኛው ግራፍ ግን ከ50 ውስጥ ከ12 አልፎ አያውቅም ነበር።

4. አይፐርፍ3፦ ዲስኩንና ሶፍትዌሩን ከጨዋታ አውጡ

ፋይል በመገልበጥ ኔትወርክ አይለካም። ዲስክ ሊዘገይ ይችላል፣ ጸረ ቫይረስ ሊይዝ ይችላል። አይፐርፍ3 ነፃ ነው፤ ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ ስለሚልክ የሚለካው መስመሩን ብቻ ነው። በአንዱ ጫፍ በሰረዝ ኤስ በሰርቨርነት ታስነሡታላችሁ፤ በሌላው ጫፍ በሰረዝ ሲና በሰርቨሩ አይፒ አድራሻ ትጠሩታላችሁ። ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 5201 ይከፈት። ላፕቶፖቹን በኬብል አገናኙ። በዋይፋይ የተለካ ነገር ይዛችሁ ወደ ማንም አትሂዱ።

መጀመሪያ በየቢሮው ውስጥ ለኩ። ሁለት ኮምፒውተሮች በጊጋቢት ስዊች ላይ 940 ሜጋቢት አካባቢ ሊሰጧችሁ ይገባል። 94 ካያችሁ አንዱ ኬብል ወይም ፖርት በመቶ ሜጋ ላይ ነው። የውስጡ ሳይጣራ ወደ ውጭ አትውጡ።

ከዚያ በቢሮዎቹ መካከል አራት ልኬት ውሰዱ። እያንዳንዱን ለ30 ሰከንድ አሂዱ፣ ሦስት ጊዜ ድገሙ።

አንደኛ፦ በአንድ ግንኙነት። ፋይል ገልባጩ ሰው የሚያየው ይህን ነው።

ሁለተኛ፦ በስምንት ግንኙነት አንድ ላይ። ሰረዝ፣ ካፒታል ፒ፣ 8።

ሦስተኛ፦ በተቃራኒው አቅጣጫ። ሰረዝ፣ ካፒታል አር።

አራተኛ፦ በዩዲፒ፣ ማለትም መድረሱን ሳይጠይቅ በሚልከው ዘዴ። ሰረዝ ዩ ጨምራችሁ መጠኑን በሰረዝ ቢ ከ10 ጀምራችሁ ወደ 20፣ 40፣ 48 ሜጋቢት ከፍ አድርጉ። መጠኑን ካልነገራችሁት አይፐርፍ3 በአንድ ሜጋቢት ብቻ ይልክና ሁሉ ነገር ሰላም ይመስላችኋል። ይህን በሥራ ሰዓት አታድርጉት። ዩዲፒ ለሌላው ቦታ አይለቅም፤ ቅርንጫፉን ሙሉ ታቆሙታላችሁ።

ውጤቱን እንዲህ ነው የማነበው። አንዱ ግንኙነት ትንሽ ሆኖ ስምንቱ ሲደመሩ 47 ከሞሉ፣ መንገዱ ሰፊ ነው፤ ችግሩ እያንዳንዱ ግንኙነት የሚጭነው ጭነት ነው ወይም በጣም ጥቂት ፓኬት ይጠፋል። ወደ ቁጥር 6 እና 7 ሂዱ። ስምንቱም ተደምረው ትንሽ ከሆኑ መንገዱ ራሱ ተጎድቷል፤ ከቁጥር 5 ጀምሩ። አንዱ አቅጣጫ ብቻ ከታመመ ዱፕሌክስ (ቁጥር 5 ላይ አብራራዋለሁ)፣ ኬብል ወይም በአንድ በኩል የተቀመጠ የፍጥነት ገደብ ጠርጥሩ። ሁሉም ሙሉ ከሆነ ኔትወርኩ ነፃ ነው፤ ቁጥር 9ን አንብቡ።

ሊኑክስ ላይ ላኪው ወገን በየሰከንዱ ስንት ፓኬት ደግሞ እንደላከ ያሳያል። ያ ዓምድ ዜሮ ካልሆነና እየጨመረ ከሄደ አንድ ቦታ ፓኬት እየፈሰሰ ነው።

የኛ ውጤት፦ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በአንድ ግንኙነት 5፣ በስምንት 11፣ በተቃራኒው 19። ስምንቱ አንድ ላይ እንኳ ከ50ው ሩቡን አልሞሉም።

5. ፖርትና ኬብል

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚያልፈው ይህንን ነው።

በመንገዱ ላይ ባለ ራውተርና ስዊች ሁሉ ገብታችሁ የፖርቱን ሁኔታ እዩ። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ፍጥነቱ፣ ዱፕሌክሱ፣ የስህተት ቆጣሪዎቹ። ቆጣሪዎቹን ዜሮ አድርጉ፣ አይፐርፍ ለአንድ ደቂቃ አሂዱ፣ ተመልሳችሁ እዩ። ዛሬ የሚጨምር ስህተት ነው የሚያሳስበው፤ ዓምና የተመዘገበው አይደለም።

ፉል ዱፕሌክስ ማለት ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ይናገራሉ ማለት ነው። ሃፍ ዱፕሌክስ ተራ በተራ ነው። ሁለቱም ወገን ኦቶ (በራሱ እንዲመርጥ የተተወ) ላይ ከሆኑ ተነጋግረው ይስማማሉ። አንዱ በሰው እጅ "100 ፉል" ተብሎ ከተቆለፈ ግን ንግግሩ ይቋረጣል። ኦቶ ላይ ያለው ወገን ፍጥነቱን ከሲግናሉ ይለያል፣ ዱፕሌክሱን ግን ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ደንቡ እንደሚያዘው ሃፍ ይሆናል። አንዱ ባሻው ጊዜ ይናገራል፣ ሌላው ዝምታ ይጠብቃል፣ ይጋጫሉ። ፉል የሆነው ወገን የሲአርሲ ስህተት (ተበላሽቶ የደረሰ ፓኬት) ይቆጥራል፤ ሃፍ የሆነው የዘገየ ግጭት ይቆጥራል።

ክፋቱ ፒንግ ደህና መሆኑ ነው። አንድ ትንሽ ፓኬት ሄዶ አንድ ይመለሳል፣ የሚጋጭ የለም። ጭነት ሲመጣ ነው ጉዱ የሚፈላው።

ባሕር ዳር የሆነው ይኸው ነው። የቀድሞዋ ኮንቨርተር በመቶ ፉል ላይ የተቆለፈች ስለነበረች የራውተሩም ፖርት እንደዚያው ተቆልፎ ነበር። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮንቨርተሯ ተቃጠለች። በኦቶ የምትሠራ ሌላ ተተካች። የራውተሩን ፖርት የነካው የለም። ራውተሩ ላይ የሲአርሲ ቆጣሪው ዓይናችን እያየ ይጨምራል፤ ኮንቨርተሯ ላይ የፉል ዱፕሌክስ መብራቷ ጠፍታለች። ፖርቱን ወደ ኦቶ መለስነው። መብራቷ በራች። አይፐርፍ 46 አለ። ያቺ ፋይል ሦስት ደቂቃ ሳይሞላት ደረሰች። በአሮጌው 20 ሜጋ ቢሆን ኖሮ ሰባት ደቂቃ ይበቃት ነበር። ያን ሁሉ ወር የከፈልነው ልዩነት አሁንም ይቆጨኛል።

ዱፕሌክሱ ደህና ሆኖ ሲአርሲው ከጨመረ ኬብሉን ቀይሩ። ጫፉ በእጅ የተገጠመ ኬብል፣ በር የሚጨፈልቀው ኬብል፣ አቧራ የገባበት የፋይበር ጫፍ፣ ሁሉም ያው ምልክት አላቸው።

6. ጉድጓዱና ኬላው፦ የሚጠፋ ፓኬት

ፋይል የሚላክበት ደንብ ቲሲፒ ይባላል። ቲሲፒ ፓኬት ሲጠፋበት መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጉዳቱ ከርቀት ጋር ይባዛል። በ1997 የወጣው የማቲስ ቀመር ይህን ያሰላል፦ ፍጥነቱ ከደርሶ መልስ ጊዜውና ከጥፋቱ ስኩዌር ሩት ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። ደርሶ መልሱ 50 ሚሊ ሰከንድ በሆነ መስመር ላይ ከአሥር ሺህ አንድ ፓኬት ቢጠፋ አንድ ግንኙነት 28 ሜጋቢት አካባቢ ያገኛል። ከመቶ አንድ ቢጠፋ 2.8 ይሆናል። ቀመሩ የተሠራው ለቀድሞው የቲሲፒ አካሄድ ነው፤ የዛሬዎቹ ትንሽ ይሻላሉ። ለግምት ግን ይበቃል። "አንድ በመቶ ምን አላት" እንዳትሉ።

ፖርቶቻችሁ ንጹሕ ሆነው ፓኬት የሚጠፋ ከሆነ ኬላውን ጠርጥሩ። የገዛችሁት 50 ነው፣ ራውተራችሁ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የተያያዘው ግን በጊጋቢት ኬብል ነው። ራውተራችሁ ፓኬቶቹን በጊጋቢት ፍጥነት በአንድ ትንፋሽ ይወረውራል። በወዲያኛው በኩል ያለው ገደብ ከልኩ ያለፈውን አያስጠብቅም፤ ይጥለዋል። አማካይ አጠቃቀማችሁ 15 ቢሆንም እንኳ በዚያች ቅጽበት አልፋችኋል።

ምልክቱ ግልጽ ነው። ዩዲፒ እስከ 48 ያለ ጥፋት ያልፋል፤ አይፐርፍ ዩዲፒውን ስለሚመጥነው። ቲሲፒ ግን በአንድ ግንኙነት 15 እና 18 ላይ ይንገዳገዳል። መድኃኒቱ በእጃችሁ ነው፦ ራውተራችሁ ላይ የወጪውን ፍጥነት ራሳችሁ ወደ 47 ገደማ ገድቡት። ያኔ ትርፉ በራውተራችሁ ወረፋ ላይ ይጠብቃል እንጂ አይጣልም። በሁለቱም ጫፍ አድርጉት። ለፍጥነት ብሎ ፍጥነት መቀነስ ለአለቃ ማስረዳት ይከብዳል፤ የፊቱንና የኋላውን የአይፐርፍ ቁጥር አሳዩ። ቅንብሩን ሴቭ ማድረግ አትርሱ። መብራት ሲሄድ አብሮ የሄደ ቅንብር ብዙ ነው።

7. አይሱዙው ስንት ይጭናል?

ቲሲፒ የተወሰነ መጠን ልኮ "ደርሶኛል" የሚል መልስ ይጠብቃል። ያ መጠን ዊንዶው ይባላል። ከፍተኛው ፍጥነት ዊንዶው ሲካፈል በደርሶ መልስ ጊዜው ነው። ከዚህ በላይ በምንም አይሄድም፣ መስመሩ ጊጋቢት ቢሆንም።

መጀመሪያ ሲነደፍ ዊንዶው ከ65,535 ባይት ማለፍ አይችልም ነበር። በዚህ ጭነት ደርሶ መልሱ 15 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ 35 ሜጋቢት ይገኛል። 130 ሚሊ ሰከንድ ርቆ ያለ ሰርቨር ቢሆን 4 ሜጋቢት። 600 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በሚፈጅ የሳተላይት መስመር ደግሞ አንድ ሜጋቢት እንኳ አይሞላም። የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን የሚያገናኘው ወረዳኔት ሲዘረጋ ሩቅ ወረዳዎች በሳተላይት ነበር የተገናኙት፤ እዚያ የሠራ ሰው ይህን ቁጥር በአካል ያውቀዋል።

በ1992 ዊንዶውን የሚያሰፋ ማስተካከያ ወጣ። ዛሬ ዊንዶውስም ሊኑክስም ሳይጠየቁ ይጠቀሙበታል። የሚበላሽባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ፣ አንድ ሰው "ኢንተርኔት ያፈጥናል" የሚል ምክር ሰምቶ ዊንዶውስ ላይ ኦቶቱኒንግን (የቲሲፒን ዊንዶው በራሱ የሚያስተካክለውን) ሲያጠፋ ነው። በአስተዳዳሪ መብት ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና ኔትሽ ኢንተርፌስ ቲሲፒ ሾው ግሎባል ብላችሁ እዩ። ኖርማል ማለት አለበት። ሁለተኛው፣ ፋየርዎል ግንኙነቱን ከሚከፍተው ከመጀመሪያው የሲን ፓኬት ላይ የማስፊያውን ምልክት ሲያነሣ ነው። በሁለቱም ጫፍ ፓኬቶችን አንድ በአንድ የሚያሳየውን ዋየርሻርክ ክፈቱና ሲኑን አወዳድሩ። ሲወጣ ዊንዶው ስኬል የሚል ይዞ ሲደርስ ከሌለው መሃል ላይ ያለው መሣሪያ ነው ወንጀለኛው።

ስንት ያስፈልጋል? ባንድዊድዝ ሲባዛ በደርሶ መልስ ጊዜ። ለ50 ሜጋቢትና ለ15 ሚሊ ሰከንድ 94 ኪሎባይት። ለ130 ሚሊ ሰከንድ ደግሞ 812 ኪሎባይት።

ዋየርሻርክ ላይ ዜሮ ዊንዶው የሚል ካያችሁ ተቀባዩ "ቆይ፣ ሞልቶብኛል" እያለ ነው። ያኔ ራውተሩን ተዉትና የሰርቨሩን ዲስክ ተመልከቱ።

8. ቪፒኤንና ፋየርዎል

ቪፒኤን እያንዳንዱን ፓኬት በሌላ ፖስታ ይጠቀልለዋል። ፖስታው ቦታ ይይዛል። 1,500 ባይት የሚያሳልፍ መስመር ላይ ለናንተ የሚቀረው 1,400 ገደማ ይሆናል። የሚበልጠው ፓኬት ይቆራረጣል ወይም ይጣላል። የሚታወቅበት ጠባይ አለው፦ ፒንግ ይሠራል፣ ሎግኢን ይሠራል፣ ከዚያ ትልቅ ገጽ ወይም ፋይል ሲመጣ ድርቅ ይላል።

ፒንግን "አትቆራርጥ" በሚል ትእዛዝ ላኩት። ዊንዶውስ ላይ ሰረዝ ኤፍ፣ ከዚያ ሰረዝ ኤልና መጠኑ። ከ1,472 ጀምሩ፤ 28 ባይት መጠቅለያ ሲጨመር 1,500 ይሆናል። እየቀነሳችሁ የሚያልፈውን ትልቁን ፈልጉ። 1,410 ካለፈ መስመሩ 1,438 ይሸከማል። ራውተሩ ላይ የቲሲፒን ኤምኤስኤስ (በአንድ ፓኬት የሚጫነውን ትልቁን የመረጃ መጠን) ከዚያ በ40 እና ከዚያም በላይ ዝቅ አድርጋችሁ ገድቡ፤ እኔ 1,360 አደርገዋለሁ። ለደኅንነት ተብሎ አይሲኤምፒ (ፒንግና የስህተት መልእክት የሚሄድበት ደንብ) ሙሉ በሙሉ የሚዘጋበት ቢሮም ብዙ ነው። "ፓኬቱ በዛብኝ" የሚለው መልእክት የሚመጣው በዚያ ነውና እሱን አሳልፉ።

አይፐርፍ ሲሮጥ የፋየርዎሉን ሲፒዩ እዩ። አማካዩን ሳይሆን እያንዳንዱን ኮር። አንድ ግንኙነት አንድ ኮር ላይ የሚሠራበት መሣሪያ ብዙ ስለሆነ አማካዩ 25 ብሎ አንዱ ኮር 100 ሊሆን ይችላል። ለራሳችሁ ቅርንጫፍ ትራፊክ ጥልቅ ፍተሻውን ለአምስት ደቂቃ አንሥታችሁ ልዩነቱን ለኩ፤ ከዚያ መልሱት።

9. ኔትወርኩ ንጹሕ ሆኖ ሥራው ሲዘገይ

የሂሳብ ሶፍትዌር አንድ ቅጽ ለመክፈት ሰርቨሩን 2,000 ጊዜ ይጠይቃል እንበል። አንዱ መልስ ሳይመጣ ሌላውን አይጠይቅም። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ደርሶ መልሱ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ባሕር ዳር 15 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ 30 ሰከንድ ይሆናል። እዚህ ላይ የዓለምን ባንድዊድዝ ብትገዙ አንዲት ሰከንድ አትቀንስም። ሶፍትዌሩን ሰርቨሩ አጠገብ አድርጋችሁ ቅርንጫፉ በሪሞት ዴስክቶፕ እንዲገባበት አድርጉ። ወይም ሶፍትዌሩን የሠራው ሰው ጥያቄዎቹን ጠቅልሎ እንዲልክ ጠይቁት።

ፋይልም እንዲሁ። አሥር ሺህ ትንንሽ ፋይሎች፣ ለእያንዳንዱ አሥር ምልልስ፣ ምልልሱ 15 ሚሊ ሰከንድ፦ 25 ደቂቃ፣ ፋይሎቹ ባዶ ቢሆኑ እንኳ። ዚፕ አድርጋችሁ አንድ ላይ ላኩ፤ ወይም ሮቦኮፒን በኤምቲ አማራጩ ብዙ ፋይል ጎን ለጎን አስገልብጡት። አሁንም ኤስኤምቢ 1 (የቀድሞው የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ደንብ) ላይ ያለ አሮጌ ፋይል ሰርቨር ካላችሁ ቀይሩት። ለፍጥነቱም ለደኅንነቱም አደጋ ነው።

10. አገልግሎት ሰጪው ጋር ስትደውሉ

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ጥፋቱ ከግቢያችሁ ውጭ ከሆነ ማስረጃ ይዛችሁ ደውሉ። ሁለቱንም ላፕቶፖች ፋየርዎሉን አልፋችሁ በቀጥታ ከእነሱ መሣሪያ ጋር አገናኝታችሁ የወሰዳችሁትን ልኬት፣ በሁለቱም አቅጣጫ። የአንድ ሺህ ፒንግ ውጤት። የእናንተ ፖርት ስህተት ዜሮ መሆኑን። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር።

"መስመሩ ይጎትታል" ብላችሁ ከደወላችሁ "ከኛ በኩል ሰላም ነው" ይሏችኋል፣ እውነታቸውንም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚፈትሹት ከማዕከላቸው እስከ አንዱ ቢሮ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ከቢሮ እስከ ቢሮ ነው። በግልጽ ጠይቁ፦ በእናንተ በኩል ያለው ፖርት ፍጥነቱና ዱፕሌክሱ ምንድን ነው? ፋይበሩ ላይ የሚደርሰው የብርሃን ኃይል ስንት ዲቢኤም ነው? የፍጥነት ገደቡ በቅጽበት ስንት ባይት ያስተናግዳል? ዋይ.1564 የተባለውን መደበኛ ፈተና ከጫፍ እስከ ጫፍ ልታደርጉልን ትችላላችሁ? እንዲህ ሲጠየቅ ስልኩ ከደንበኞች አገልግሎት ወደ መሐንዲሱ ይተላለፋል።

አንድ ነገር ባስተካከላችሁ ቁጥር ያንኑ ልኬት ድገሙ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይሩ፤ የትኛው እንዳዳነ አታውቁም። ሁሉም ሲስተካከል ቁጥሮቹን ጽፋችሁ በሚታይ ቦታ ለጥፉ። የኛ ወረቀት የመሣሪያዎቹ መደርደሪያ (ራኩ) በር ላይ አለ። ፒንግ 14። ወደ አዲስ አበባ 46። ወደ ባሕር ዳር 47። ስህተት 0። ባሕር ዳር ስትደውል መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው።